ጀሌው ለምን ታዘዘ? የክፉ ገጸ ባሕርይ አሽከሮችን ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ልብ ወለድና የፊልም ጽሑፍ የሚሞክሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያሳዩኛል። ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ዋናውን ክፉ ሰው አሳምረው ይጽፉታል። ሽቶው፣ መኪናው፣ አነጋገሩ፣ የልጅነት ቁስሉ ሳይቀር አለ። ከኋላው የቆሙት አራት ጎረምሶች ግን ጥቁር ጃኬት ብቻ ናቸው። ለምን እዚያ እንደቆሙ ደራሲው ራሱ አያውቅም። ስጠይቀው «የሱ ልጆች ናቸዋ» ይለኛል። ይኼ መልስ ስለበዛብኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ጀሌው ለምን እንደሚታዘዝ አለማወቅ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

በቅርቡ ያነበብኩት ረቂቅ ጣና ላይ የሚካሄድ ነው። አንድ ሀብታም ደላላ ከደሴት ገዳም የብራና መጽሐፍ አሰርቆ ሊሸጥ ነው። መነሻው ጥሩ ነው። ደላላው ሁለት ወጣቶችን ጠርቶ «ሂዱና አምጡ» ይላቸዋል። «እሺ አለቃ» ብለው ይሄዳሉ። በቃ። ልጆቹ የዘጌ ተወላጆች ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ዘጌ ያደገ ልጅ እኮ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሮጥ፣ ጠበል ሲጠመቅ፣ ስለ ግዝት ሲሰማ የኖረ ነው። የገዳም ንብረት የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት አያቱ ነግራዋለች። ያንን ፍርሃት ተሻግሮ ዕቃ ቤት እንዲገባ ምን አገኘው? ማን ታመመበት? ማን አስፈራራው? ወይስ ግዝቱን ማመን ትቷል? ከተወስ መቼ ተወ? እያንዳንዱ መልስ የራሱን ታሪክ ይወልዳል። «እሺ አለቃ» ምንም አይወልድም።

ምክንያቱ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። እንበልና ደላላው ዓሣ ነጋዴም ነው። ለልጁ መረብ በዱቤ ሰጥቶታል። ልጁ ዕዳውን በዓሣ ይከፍላል፤ ሚዛኑም ደብተሩም ያለው ነጋዴው ጋ ነው። እስኪ እንዲህ እንሞክረው፦

ደብተሩን ገለጠ። «ያለፈው ሳምንት ዐሥራ ሁለት ኪሎ ቆሮሶ አስገብተሃል።»
«ዐሥራ ስምንት ነው ጋሼ።»
«እዚህ ዐሥራ ሁለት ነው የሚለው።»
ልጁ እግሩ ሥር ያለውን እርጥብ መረብ አየ። ዝም አለ።
«ዛሬ ማታ ጀልባውን ብትነዳልኝ፣ ይቺን ገጽ ቀድጄ እጥላታለሁ።»

አሁን ልጁ ቢሄድ እናምነዋለን። ደላላውም አደገ። ሳይጮህ፣ ሽጉጥ ሳያወጣ አስፈራን። ጀማሪዎች ይኼን አያስተውሉም፦ ጀሌው ምክንያት ሲያገኝ የሚጠነክረው አለቃው ነው። ምክንያት የሌለው ጀሌ ያለው ክፉ ሰው ኃይሉን ከየት እንዳገኘው አይታወቅም።

የጥንት ታሪክ የምትጽፉም ከዚህ አታመልጡም። የድሮ ወታደር በአየር አልኖረም። አንዱ ማደሪያ መሬት አለው። ሌላው ተሰሪ ተብሎ ገበሬ ቤት ይገባና ገበሬው ከነበቅሎው ይቀልበዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ አስቀርተው ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር የሞከሩት ወድደው አልነበረም፤ ልማዱ ገበሬውን አራቁቶት ነበር። ስለዚህ የመስፍኑ ጭፍራ መንደር ሲገባ ዛሬ ማታ የማንን ጎተራ እንደሚከፍት እወቁ። ያቺን ጎተራ ስትጽፉ ጭፍራው ሰው ይሆናል፤ ገበሬውም ለምን እንደጠላው ይገባናል።

ወንጌልን ደግሞ በጸሐፊ ዓይን አንብቡት። ሰቃዮቹ ወታደሮች ልብሱን ለአራት ተካፈሉ። ወጥ ሆኖ የተሠራው እጀ ጠባብ እንዳይቀደድ ብለው ዕጣ ተጣጣሉበት። ያንን የመሰለ ቀን ላይ ሐሳባቸው ጨርቅ ላይ ነው! ማቴዎስ 28 ላይ ደግሞ የመቃብሩ ጠባቂዎች «ተኝተን ሳለን ሰረቁት» እንዲሉ ብዙ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ለጠባቂ ግን «ተኝቼ ነበር» ማለት ጣጣ አለው። ስለዚህ ነገሩ ገዥው ጆሮ ቢደርስ እናስጥላችኋለን የሚል ዋስትና ተጨመረላቸው። ገንዘብና ከለላ፣ ሁለቱም በሁለት መስመር ውስጥ። የእናንተ ጀሌም ቢያንስ ይህችን ያህል ይገባዋል።

አለቃው የራሱን ሰው ሲገድል

«ጭካኔውን ለማሳየት ነው» ትሉኛላችሁ። መጥፎ ዜና ያመጣው ልጅ በዐሥር ጓደኞቹ ፊት ይገደላል። ዐሥሩ ዓይናቸውን ሳያሹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንዴት ሆኖ? በማግስቱ መጥፎ ዜና ማን ይነግረዋል? ሌሊት በር ላይ የሚቆመው ማን ነው? ወጥ ቤት ያለችውስ ምን ታስባለች?

ፍርሃት ያሠራል፤ ግን ያሳሳል። እንደገና ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ልመለስ። ክፉ ገጸ ባሕርይ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ስለ ጭፍራ የሚያስተምረን ታሪካቸው ስለሆነ ነው። ቅጣታቸው እየከበደ ሲሄድ ጦራቸው እየከዳ ሳሳ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አብሯቸው የነበረው ሠራዊት የቀድሞው አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ፊታውራሪ ገብርዬ እስከ ሞት ተከተሏቸው። ከአንድ ጌታ ሥር አንዱ ከዳ፣ ሌላው ሞተለት። ሁለቱንም መጻፍ የሚችል ደራሲ ጀሌ መጻፍ ያውቃል።

ሁሉም አንድ ልብ ሲሆኑ

ሳኦል የኖብን ካህናት ግደሉ ብሎ ሲያዝ አገልጋዮቹ እጃቸውን አላነሡም። ትእዛዙ የንጉሥ ነው፤ ግን የእግዚአብሔር ካህናት ናቸው። ያደረገው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው፤ 85 ሰው ገደለ። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ዓይነት ሰው። ሳኦል ቀና ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ምን ተሰማው? ያቺ ዝምታ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ይወጣታል።

ወደ ኤልያስ የተላኩትን የሃምሳ አለቆችም አስቡ። ሁለቱ «ና ውረድ» ብለው ከነሰዎቻቸው በእሳት ተበሉ። ሦስተኛው መጥቶ ተንበረከከ፤ ነፍሴና የሃምሳ ሰዎቼ ነፍስ በፊትህ የከበረች ትሁን ብሎ ለመነ። ከፊቱ የሄዱት ምን እንደሆኑ ያውቃል። የእናንተ ሦስተኛ ጀሌ ግን የሁለት ጓደኞቹን ሬሳ ተሻግሮ፣ በዚያው በር፣ በዚያው አኳኋን ይገባል። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ቢል?

ጀሌውን ጅል ማድረግ

አክተሩ እንዲያመልጥ ጠባቂው መተኛት፣ መስከር ወይም ቁልፍ መርሳት አለበት የምትሉ፣ ጥፋቱ ያለው ከጀሌው ሳይሆን ከሴራችሁ ነው። ሴራውን አስተካክሉ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ጀሌው እንዲያስቅ ተብሎ የገጠር ዘዬ ይሰጠዋል። አለቃው እንደ ዜና አንባቢ ያወራል፤ በር ጠባቂው እንደ ጎጃም ገበሬ። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ቢያደርገው አዝን ነበር። እዚህ፣ ሐይቁ ዳር ተወልዶ በዚያው ዘዬ እናቱን የሚጠራ ልጅ ሲያደርገው ግን ያናድደኛል። በዚህ ዘዬ ሰው ያለቅሳል፣ ይፈርዳል፣ ይራቀቃል፣ ቅኔ ይዘርፋል። ዘዬውን ለጀሌው ስጡት፤ ግን የሚያስበውን አብራችሁ ስጡት። ምናልባት ከአለቃው የበለጠ ነገር የገባው እሱ ይሆናል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ለአንድ ዓሣ አጥማጅ በተሠራች የደንገል ታንኳ ላይ ስምንት ሰው ከነመሣሪያው አትጫኑ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ሴት ጀሌ ደሴቱ ላይ ስታወርዱ ይኼን ማንም እንደማያነሣው አድርጋችሁ አትለፉ፤ እዚያው ትልቅ ግጭት ተቀምጦላችኋል። አምስት ሰው አንዱን ከብቦ ተራ እየጠበቀ አይማታም። ሁሉም ጀሌ ደግሞ ጎረምሳ አይደለም። ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ወገቡን የሚያመው የሃምሳ ዓመት ሰው ስጡኝ፤ እሱ ሲመታ የበለጠ ይዘገንነኛል።

በአንድ ዓይን መሳል

የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያየ ያውቀዋል። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉዎቹ፣ ገራፊዎቹና ሰቃዮቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለግድግዳው ልክ ነው። ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ጀማሪ ደራሲዎች ግን ይህንኑ ወደ ወረቀት ያመጡታልና ጀሌው እስከ መጨረሻው በጎን ይቆማል፤ ዞሮ አያየንም።

እዚያው ትውፊት ውስጥ ግን ለንጊኖስ አለ። የጌታን ጎን በጦር የወጋው ወታደር ነው። አንድ ዓይኑ ዕውር ነበር፤ የፈሰሰው ደም ነክቶት በራለት ይባላል። ትእዛዝ ፈጻሚ ወታደር ነው፤ ስም ግን አለው፤ ሕመም አለው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሕይወት አለው። በልብ ወለዳችሁ ውስጥ ካሉት ጀሌዎች ቢያንስ አንዱን እንዲህ ወደ እኛ አዙሩት።

ከመሬት ተነሥቶ ንስሐ መግባት

መጨረሻው ላይ ጀሌው አክተሩን ያያል፣ ልቡ ይራራል፣ መሣሪያውን ይጥላል። ምን አይቶ? ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብ ታሪክ ተሥሏል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። የዳነው ግን በባዶ አይደለም። ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም የሰጣት እፍኝ ውኃ አለች። ሚዛን ላይ የወጣችው እሷ ናት። ታሪኩ ያቺን እፍኝ ቀድሞ ባያስቀምጣት ምሕረቱ ባልቆመ ነበር።

እናንተም ውኃዋን ቀድማችሁ አስቀምጡ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የታሰረችውን ልጅ ገመድ ትንሽ ያላላ ጀሌ፣ ምዕራፍ ዐሥራ አምስት ላይ በሩን ቢከፍትላት አይገርመንም። ሳያላላ ከከፈተ ግን ደራሲው ነው የከፈተው።

በተቃራኒው ምክሬን ሰምታችሁ ለእያንዳንዱ ዘበኛ የአምስት ገጽ የልጅነት ታሪክ አትጻፉ። አንድ ዕዳ፣ አንድ ፍርሃት ወይም አንድ ምኞት ይበቃዋል።

አለቃው ሲሞት ጀሌዎቹ መጥፋታቸው

ክፉው ሰው ይወድቃል፤ ዐርባ ጀሌ ነበረው፤ በሚቀጥለው ገጽ አንዱም የለም። የት ሄዱ? በዘመነ መሳፍንት ጌታው የተሸነፈበት ወታደር ብዙ ጊዜ ለአሸናፊው ያድር ነበር። ትላንት የወጋውን ሰው ዛሬ ጋሻ ይሸከምለታል። አንዳንዱ ይሸፍታል፤ አንዳንዱ አገሩ ገብቶ ያርሳል፤ አንዳንዱ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ላለመባል ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ይቀራል። አክተሩ ከድሉ ማግስት የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ነው፦ እነዚህን ሰዎች ምን ያድርጋቸው?

ያ የደላላው ታሪክ ጸሐፊም መረቡንና ደብተሩን ታሪኩ ውስጥ ካስገባ በኋላ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ደላላው ተይዟል፣ ብራናው ወደ ገዳሙ ተመልሷል። መረቡ አሁንም ልጁ ጋ ነው። ደብተሩ ደግሞ የደላላው ወንድም ጋ፤ ገጿም አልተቀደደችም። ወንድምየው ነገ ጠዋት ዓሣ ማስረከቢያው ጋ ይመጣል። ያንን ትዕይንት ጽፈህ አምጣልኝ ብዬዋለሁ።