የሁለት ሰው ጭውውት ስትሠሩ ከዕቃው ጀምሩ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ጭውውት አለማምዳለሁ። ልጆቹን መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው «ምን ብለን እናስቃቸው?» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ የምትሸከሙትን ዕቃ አምጡ» እላቸዋለሁ። ይህን የወሰድኩት ከድሮዎቹ የሆሊውድ ጥንድ ኮሜዲያን፣ ከሎሬልና ሃርዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሠሩት «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» የተባለ አጭር ፊልም ላይ ሁለቱ ፒያኖ ይዘው ከ130 በላይ እርከን ያለው ደረጃ ይወጣሉ፤ ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ፊልሙ በአጭር ኮሜዲ ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል።

ደረጃ እኛም አላጣንም። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ አለ፣ ባዶ የቺፑድ ቁም ሳጥን አለ። መስታወቱን አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ የብሎኩን ኮሚቴም አስፈቅዱ።

ሁለቱን ሰዎች ስትፈጥሩ አንዱን ብልጥ፣ ሌላውን ሞኝ አታድርጉ። ሁለቱም የማያውቁ ይሁኑ፤ አንደኛው ግን አውቃለሁ ባይ ነው። ሃርዲ እንደዚያ ነበር፦ ትዕዛዙን የሚሰጠው እሱ፣ ዕቃው የሚወድቅበትም እሱ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ከአደጋው በኋላ ላለው ፊት ነው። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንለማመድ፣ ከታች የያዘው ልጅ ጣቱ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሀል እንደተያዘ ሆኖ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። «አትጩህ» አልኩት። «መጀመሪያ ጣትህን እይ፣ ቀጥለህ ጓደኛህን፣ ከዚያ ዞር ብለህ እኛን። በልብህ ሦስት ቁጠር።» ሃርዲ ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያየው እንዲህ ነው። ልጁ ሲደግመው፣ ውሃ ይዘው የሚወጡ እናት ጀሪካናቸውን እዚያው ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ በነጠላቸው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ብድር መመላለስ ካስገባችሁ እንደ ሎሬልና ሃርዲ በተራ ይሁን። አንዱ ሸሚዝ ሲቀድ፣ የሚቀደድበት ሰው ቆሞ እያየ እስኪጨርስ ይጠብቅ። ከተሯሯጡ ጠብ ይሆናል።

ቀረጻው ሲያልቅ ከባዱ ሥራ ይጀምራል። ሃርዲ ጎልፉን ሊጫወት ሲሄድ፣ ሎሬል ከኤዲተሩ ጋር ይቀር ነበር። ፊልሙን ከመውጣቱ በፊት ለተመልካች ያሳያሉ፤ ሳቁ የት እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ አይተው መልሰው ይቆርጡታል። ሳቁ ሲረዝም የፊቱን ሾት ያስረዝሙታል፤ አለዚያ ቀጣዩ ንግግር በሳቅ ይዋጣል።

እኛ ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ውስጥ በላፕቶፕ ለጎረቤት እናሳያለን። እኔ ለስክሪኑ ጀርባዬን ሰጥቼ የሰዎቹን ፊት አያለሁ፤ አንዷ ልጅ በስልኳ ሰከንድ ትይዛለች። ባለፈው ጣቱ ላይ 6 ሰከንድ ተሳቀ። የሰጠነው 2 ብቻ ስለነበር «ቀስ በል ብዬህ ነበር» የምትለዋን፣ እኔ በጣም የምወዳትን ንግግር ማንም አልሰማትም። ፊቱ ላይ 4 ሰከንድ ጨምረናል። ለፊታችን ቅዳሜ የማዶውን ብሎክ ሰዎች ጠርተን እንደገና እንለካለን።