የሚስማማችሁን ሥራ ለማግኘት፦ ስሙን ትታችሁ ውሎውን ጠይቁ

ድሬዳዋ ውስጥ ሦስት ሥራ ሠርቻለሁ። ሁለቱ አልተስማሙኝም። ሦስተኛው ላይ ስድስት ዓመት አልፎኛል። እሑድ ማታ ሲመጣ ደረቴን ይጫነኝ የነበረው ነገር ከጠፋ ቆየ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለምን እንዳበላሸሁ አሁን አውቀዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የመረጥኩት የሥራውን ስም ነበር። ሥራው ሲውል እንዴት እንደሚውል ማንንም አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ስም «አካውንታንት» ነው። በ2008 ዓ.ም. ተመረቅኩ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠራች። ብዙም ሳልቆይ አንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ገባሁ። ደመወዙ በቀኑ ይገባል፣ ቢሮው ንጹህ ነው፣ ቬንትሌተርም አለው። እኔ ግን ሰው ካላነጋገርኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ከጠዋት እስከ ማታ ከቁጥር ጋር ብቻዬን ስቀመጥ ታመምኩ። ከጎኔ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ሂሳቡ ሲገጥምላት ፊቷ ይበራል። ጠረጴዛው አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ደመወዙም አንድ ነበር። እሷ በደስታ ትውላለች፤ እኔ ሰዓት እቆጥራለሁ።

ሁላችንም «ሥራ ክቡር ነው» ሲባል ነው ያደግነው። እውነት ነው። ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ የተገኘውን መሥራት ነው፣ ያንን ማንም አይነቅፍም። ግን ክቡር የሆነ ሁሉ ለሁሉም ሰው አይስማማም። አሁን በተገኘው ሥራ ላይ ያላችሁትም ብትሆኑ፣ ሥራችሁን ሳትለቁ ከታች የምነግራችሁን ማድረግ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ውሎ ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙ። ስልክ ላይ አይሁን፤ ስልክ ሲከፈት ሌላ ነገር ይከፈታል። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ። ዛሬ የትኛው ሰዓት ሳይታወቀኝ ሄደ? የትኛውስ ሰዓት አልሄድ አለኝ? ሥራ የሌላችሁም ጻፉ። የአጎታችሁ ሱቅ ውስጥ የቆማችሁበት፣ ለቅሶ ቤት ያስተናገዳችሁበት፣ የታናሽ ወንድማችሁን ሂሳብ ያስጠናችሁበት ሰዓት ሁሉ ይቆጠራል።

«ምን እወዳለሁ?» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ በአንድ ወቅት ጽፌ ነበር። «ቡና» ነበር መልሱ። ያ መልስ ያጠራቀምኩትን 85 ሺህ ብር በላ፣ እመጣበታለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን «ለአንተ የሚሆን ሥራ የትኛው ነው» የሚሉ ጥያቄዎችም ተዉአቸው። ሦስቱን ሞልቼ ሦስት የተለያየ መልስ ነው የሰጡኝ።

በኋላ ደብተሬ ላይ ደጋግሞ የመጣው የእህቴ ሠርግ ነበር። መኪናውን፣ ድንኳኑን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ምግቡን የማገናኘው እኔ ነበርኩ። አሥር ሰው ይደውልልኛል፣ አንዱ ቢቀር ሌላ እፈልጋለሁ። እንደዚያ ሳምንት ደክሞኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ገንዘቡን አስሉ። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ለቤተሰብ የምትልኩት። ከዚህ በታች የሚከፍል ሥራ ምንም ቢስማማ አይስማማም። ቁጥሩን ጽፋችሁ ደብተሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት።

ዋናው ነገር፦ የሥራውን ውሎ መጠየቅ

ይህኛው ላይ እቆያለሁ። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይህን መዝለሌ ነው።

ከፋይናንስ ክፍሉ ስወጣ ቡና ስለምወድ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጀበና ቡናና ቁርስ ቤት ከፈትኩ። በሰባተኛው ወር ዘጋሁት። የቡና ቤት ሰው ሲውል ምን ያደርጋል? ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። ውሃ ከጠፋ በጀሪካን ያስመጣል። ወተት በድሬ ሙቀት ሳይበላሽ ለመሸጥ ይሯሯጣል። ዱቤ የበላውን ደንበኛ ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል። እኔ ገንዘቤን ስጠይቅ አንደበቴ ይታሰራል። ከሁሉ የከፋው ግን ቀትር ነው። ፀሐይ ሲበረታ መንገዱ ይጸዳል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ባዶ ቤት ውስጥ እቀመጣለሁ፤ የተቀጠረችው ልጅ ግን ደመወዟ ይቆጥራል። ድሬ ተወልጄ አድጌ ይህን አላሰብኩትም። እንደዚያ ያለ ቤት በር ላይ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብቀመጥ ኖሮ በዓይኔ እቆጥረው ነበር። ቡና መጠጣት መውደድና ቡና ሸጦ መኖር ሁለት የተለያየ ውሎ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ያሰባችሁትን ሥራ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። አንዱ ከገባ ዓመት ያልሞላው ይሁን። ሁለተኛው አሥር ዓመት የቆየ። ሦስተኛው ሥራውን ትቶ የወጣ። የወጣውን ሰው ብዙዎች አይፈልጉትም፣ «ሳይሳካለት ቀርቶ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ብዙ የተማርኩት ከወጡት ነው። ቂም ይዞ የሚያወራ ካለ ከሌሎቹ ሁለቱ ወሬ ጋር እያስተያያችሁ ስሙት።

ሰዎቹን ማግኘት ከባድ አይደለም። ድሬ ውስጥ ሁለት ሰው ቢጠየቅ ሦስተኛው ዘመድ ሆኖ ይገኛል። «የእገሌ ልጅ ነኝ» ማለት በር ይከፍታል፣ አትፈሩ። ግን ስትደውሉ ሥራ እንዲያስገባችሁ እንዳልፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ ተናገሩ። «ሥራህን ልጠይቅህ ነው፣ ሻይ ልጋብዝህ» በሉት። ሥራ ልትለምኑት የመጣችሁ ከመሰለው ይጨነቃል፣ ወሬውም ያጥራል። ሰዓቱንም ምረጡ። ጠዋት ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ቀትር ላይ ያርፋል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲሰበር ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዞ የማያወራ የድሬ ሰው አላየሁም።

በርጫ ላይም ብዙ የሥራ ወሬ ይወራል። አዳምጡት፣ አይጎዳም። በምርቃና የታቀደ ሥራ ላይ ግን ብር አታውጡ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ቁርስ በልታችሁ፣ እንደገና ጻፉት። ያኔም ጥሩ ከመሰላችሁ ቀጥሉ።

አሁን ጥያቄው። «ሥራው እንዴት ነው?» ካላችሁ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አይልም» ነው መልሱ። ያ ሰላምታ ነው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ትናንት ከገባህ ጀምሮ እስክትወጣ ምን ምን አደረግህ?» በሰዓት በሰዓት አስቆጥሩት። ሲዘል መልሱት። «ከዚያስ?» በሉት። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ትልቁን ነገር ብቻ ይናገራል፤ ቀኑን የሚሞላው ግን ትንሹ ነው። ነርሷ መርፌ ትወጋለች ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ስትቆጥርላችሁ ምን ያህሉን ሰዓት እንደምትጽፍ ትሰማላችሁ። አስተማሪው ሲነግራችሁ እርማት ማታ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። «በጣም የሚያበሳጭህ ነገር በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣል?» በወር አንዴ ከሆነ ይቻላል። በየቀኑ ከሆነ እሱ ራሱ ነው ሥራው። ሁለተኛው፦ «ከእናንተ መካከል ደስ ብሎት የሚሠራ ማን ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው?» እኔ ይህን ጥያቄ ቀደም ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያቺን ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ይጠቁሙኝ ነበር። እሷን አይቼ እኔ እሷን እንዳልሆንኩ በአንድ ቀን አውቅ ነበር።

ከወሬው በኋላ ሄዳችሁ እዩ። በሚከብደው ሰዓት ሂዱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ታይዋን የሚባለው ገበያ ሱቅ ውስጥ፣ ፋብሪካ በር ላይ፣ ደረቅ ወደቡ ግቢ፣ ያሰባችሁት ቦታ የትም ይሁን። ሴቶች በተለይ ሁለት ነገር እዩ። ማታ ሠራተኛው በምን ይመለሳል? ለሴት የሚሆን ንጹህ መጸዳጃ አለ? ትንሽ ነገር ይመስላል። እነዚህ ሁለቱ ሳይሟሉ ቀርተው የሚወዱትን ሥራ የለቀቁ አውቃለሁ።

እኔ አሁን ያለሁበትን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬም ዕቃ ከጂቡቲ ገብቶ የሚያልፍባት ናት፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተጨመረ። እዚህ ስላደግኩ ትራንስፖርት ማለት ሹፌር ማለት ይመስለኝ ነበር። ስምሪት የሚባል ክፍል እንዳለ የሰማሁት ሻይ ላይ ነው። የትኛው መኪና የት እንዳለ፣ ወረቀቱ እንደተሟላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጭን የሚያገናኝ ሰው። ሁለት ጠዋት ቢሮው ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ሹፌር ከጂቡቲ ድንበር ከደወሌ ይደውላል፣ ሌላው መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበታል፣ ባለዕቃው በር ላይ ይጮሃል። ኃላፊው ዞር ብሎ «ልጄ፣ ይሄ ሥራ ጩኸት ነው። ሌሊትም ይደወላል። ካልወደድሽው አሁኑኑ ንገሪኝ» አለኝ። ስልኬን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም።

ማመልከት

ሲቪ አንድ ገጽ ይበቃል። የተጋነነ ነገር አትጻፉ። ቋንቋችሁን ግን ጻፉ! ለዓመታት «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብዬ ጽፌ ኦሮምኛና ሶማልኛ መናገሬን ትቼዋለሁ። ሰፈር ውስጥ ስለተማርኩት ቋንቋ አልመሰለኝም። ስምሪት ላይ የቀጠሩኝ በዲግሪዬ ሳይሆን ሹፌሮቹን በየቋንቋቸው ስላነጋገርኩ ነው።

ክፍት ቦታ የምታገኙት ከቴሌግራም ቻናሎች፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከጋዜጣ ነው። ቴሌግራሙን ጠዋት አንዴ አይታችሁ ዝጉት፣ ቀን ሙሉ ካያችሁት ተስፋ ያስቆርጣል። እዚህ ከተማ ብዙ ቦታ ማስታወቂያው ሳይለጠፍ በአፍ ይሞላል። ውሎ የጠየቃችሁአቸው ሦስት ሰዎች ቦታ ሲከፈት የሚደውሉላችሁ ለዚህ ነው። «ላስቀጥርህ» ብሎ ቀድሞ ብር የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ። ጎረቤቴ ከፍላለች፤ ሰውዬው ስልኩን ዘጋ።

ሙያው የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ የሲኦሲ ፈተናውን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ቃለ መጠይቅ ላይ እናንተም ጠይቁ። «ቦታው ላይ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?» በትሕትና ከተጠየቀ አያስቀይምም።

የሙከራ ጊዜው የእናንተም ነው

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ሰው ሁሉ አሠሪው እሱን የሚፈትንበት ጊዜ አድርጎ ይወስደዋል። እናንተም ፈትኑ። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ። ደብተሩን እንደገና አውጡና ያንኑ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር ሁሉ ይከብዳል፣ በእሱ አትፍረዱ። ከሰላሳኛው ቀን በኋላ ያለውን እዩ። «አልሄድ አለኝ» የሚለው አምድ አሁንም ከበዛ፣ ለአሠሪው በጊዜ መንገር ለሁለታችሁም ጥሩ ነው።

የሥራ ሰዓቱንም ዕወቁት። ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። የመጀመሪያ ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ደስ የሚል ሥራም ቢሆን ዕረፍት ከሌለው ከሁለት ዓመት በኋላ ይጠላል።

የድሮውን ሥራ ስትለቁ

አዲሱ ውል ሳይፈረም አትልቀቁ። ከሙከራ ጊዜ ያለፈ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። እኔ ከፋይናንስ ክፍሉ የወጣሁት አንድ ሰኞ ጠዋት ተናድጄ፣ ቦርሳዬን ይዤ ነው። በሕግ ፊት ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። በእነዚያ ወራት አንድ ጥሩ ቦታ ደብዳቤው ስላልነበረኝ አለፈኝ።

ስለዚህ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ። አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ የተቀበለው ክፍል ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። በእጃችሁ ያለውን ንብረትና ፋይል በዝርዝር አስረክቡ፣ አስፈርሙ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ስማችሁ፣ የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ስህተት ካለ ከበሩ ሳትወጡ አስተካክሉት።