የሲቲ ምስሉ ሲዋሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዕቃው ሳይቆረጥ ውስጡን ለማየት ዙሪያውን በኤክስሬይ እናነሳዋለን፤ ሲቲ የሚባለው ይህ ነው። ከጥላዎቹ ምስሉን መልሶ የሚገነባው ሂሳብ ነው፤ መሠረቱን የሂሳብ ሊቁ ዮሃን ራዶን እ.ኤ.አ. በ1917 ጥሎታል። ምስሉ ላይ የሚታየው ሁሉ ግን ከዕቃው የመጣ አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን «ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት ሲኖግራሙን ክፈቱ፤ የዲቴክተሩ (ከዕቃው ያለፈውን ጨረር የሚለካው መሣሪያ) የአንድ ረድፍ ንባብ በየማዕዘኑ የተደረደረበት ምስል ማለት ነው።

ቀለበት በቀለበት ሲሆን
ከዲቴክተሩ አንድ ፒክስል ሁልጊዜ አዛብቶ ያነባል። ሲኖግራሙ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዕቃውን አውጥታችሁ አንዴ ጨረሩ በርቶ፣ አንዴ ጠፍቶ የማስተካከያ ምስል አንሱ። እምቢ ካለ ፒክስሉን በጎረቤቶቹ አማካይ ተኩት።

የድፍን ብረት ጠርዙ ደምቆ መሃሉ ሲደበዝዝ
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። መሃሉ የሳሳ ይመስላል፤ ብረቱ ግን ምንም አልሆነም። ቀመሩ ጨረሩ ሁሉ እኩል ጉልበት እንዳለው ይቆጥራል። እንዲያ ቢሆን የገባውን ለወጣው አካፍለን ሎጋሪዝም ስንወስድ፣ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ውጤቱም እጥፍ ይሆን ነበር። ኤክስሬዩን ከሚያመነጨው ቱቦ የሚወጣው ግን ቅይጥ ነው። ደካማው ጨረር ቀድሞ ይዋጣል፣ ጠንካራው ያልፋል፤ ወፍራሙ መሃል ከእውነቱ ያነሰ ይነበባል።

መጀመሪያ ቱቦው ፊት ስስ የመዳብ ፊልተር አድርጉ፤ ደካማውን ጨረር አስቀድሞ ይይዘዋል። ቀጥሎ ከዚያው ብረት ውፍረቱ በደረጃ የሚጨምር ቁራጭ ሥሩና አንሱት። ውፍረቱንና ንባቡን በፖሊኖሚያል (በነጥቦቹ በሚያልፍ የኩርባ ቀመር) አገናኙና እያንዳንዱን ንባብ በዚያ አርሙ። ዕቃው ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ግን አንድ ኩርባ ለሁለቱም አይሆንም።

ጠርዙ ድርብ ሲሆን
ሶፍትዌሩ የያዘው የመዞሪያ መሃል ከእውነተኛው ስቷል። ጨረሩ ትይዩ ከሆነ የ0 እና የ180 ዲግሪ ምስሎች የመስታወት ግልባጭ መሆን አለባቸው። አንዱን ገልብጣችሁ ደርቡ፤ ከልዩነቱ ግማሹ ስህተታችሁ ነው።

ሰረዝ ሲበዛ
ከየአቅጣጫው ያነሳችሁት አንሷል። በትይዩ ጨረር፣ 1000 ፒክስል ስፋት ላለው ዲቴክተር ለግማሽ ዙር ወደ 1570 ምስል ይመከራል። ጊዜ ከሌለ ደጋግሞ የሚያሻሽል ስሌት ከቶታል ቬሪዬሽን (በጎረቤት ፒክስሎች መካከል ያለውን ልዩነት ከሚያሳንስ ማለስለሻ) ጋር ሞክሩ። ምስሉ ያምራል። ግን የማለስለሻውን ልክ ካበዛችሁት የፀጉር ያህል የቀጠነችውን ስንጥቅም አብሮ ይጠርጋታል፤ ስንጥቋ የታወቀ ናሙና ላይ ሳትፈትኑት አትመኑት።