ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ትንታኔው ግን አልሰምር ብሏል

ለመፈተሻ ያህል እነዚህን ሁለት ስንኞች እንያዝ፤ ለዚሁ ሲባል የተገጠሙ ናቸው።

ክረምቱ ወጥቶ ሳይ፣ አደይ በሜዳው ላይ፣
ናፈቀኝ ወንድሜ፣ የማይመጣው ሲሳይ።

ችግር፦ ምጣኔው፣ ማለትም የስንኙ ልክ፣ አልገጥም አለ። «ክረምቱ ወጥቶ ሳይ» ላይ 9 ቆጠሩ፣ «ናፈቀኝ ወንድሜ» ላይ 8።

ምክንያት፦ የቆጠሩት ፊደል ነው፤ ግጥማችን ግን የሚመዘነው በቀለም፣ ማለትም ሲነበብ በአንድ ምት በሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው። አሳሳቹ ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ክ» እና «ም» ያለው ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ ነው። አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ቀለም ይዋጣል። በ«ክረምቱ» ውስጥ «ክ» ይቆጠራል፣ «ም» አይቆጠርም። በ«ወንድሜ» ውስጥ «ን» ይዋጣል፣ «ድ» ይቆጠራል። ስለዚህ «ሳድስን ዝለል» የሚባለው አቋራጭ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

መፍትሄ፦ ጮክ ብለው እያነበቡ ጠረጴዛውን በጣት ይምቱ፦ ክ–ረም–ቱ–ወጥ–ቶ–ሳይ፤ ና–ፈ–ቀኝ–ወን–ድ–ሜ። ሁለቱም 6 ናቸው። ሐረጎቹ፣ ማለትም የስንኙ ሁለት ግማሾች፣ 6 በ6 ከሄዱ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው። 5 በ5 ከሆነ ሰንጎ መገን፣ 8 በ8 ከሆነ ደግሞ በጸጋዬ ገብረ መድህን ስም የሚጠራው የጸጋዬ ቤት ነው። ድምሩን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ትንፋሹ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ «ሳይ» እና «ላይ» ቤት ስለመቱ የመጀመሪያው መስመር ሁለት ስንኝ መሰለ።

መፍትሄ፦ ቀጣዩን መስመር ይመልከቱ። «ወንድሜ» ከማንም ጋር አይመታም፤ እንግዲያው ያ ቦታ የሐረግ ማረፊያ እንጂ የስንኝ መጨረሻ አይደለም። ቤት የሚመቱት «ላይ» እና «ሲሳይ» ናቸው። ፍርዱን ለጆሮ ይተዉ፦ «ሠ» እና «ሰ» በመልክ ቢለያዩም ቤት ይመታሉ።

ችግር፦ አደይ አበባ ስላለ «ድባቡ የደስታ ነው» ብለው ጻፉ፤ መምህሩ አልተቀበለውም።

ምክንያት፦ ስሜቱን ከዕቃው ወሰዱት። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ምጣኔውም አይረዳዎትም፤ በወል ቤት ይፎከራል፣ ይለቀሳል፣ ይዘፈናል።

መፍትሄ፦ ግሱን ይያዙ። «ናፈቀኝ» የሚለው ሰው አበባውን የሚያየው ብቻውን ነው፤ ሜዳው በደመቀ ቁጥር የጎደለው ሰው ጎልቶ ይታየዋል። የአደይ ሥራ ሐዘኑን ማክበድ ነው። ከዚያ ወርቅ፣ ማለትም ከቃሉ ሥር የተደበቀ ሁለተኛ ትርጉም፣ ይፈልጉ፦ «ሲሳይ» የወንድም ስም ብቻ ነው ወይስ ደጅ ያልደረሰ እንጀራም ጭምር? ሁለተኛው ካስኬደ ናፍቆቱ ላይ ችግር ተደርቧል፤ ትንታኔው ሁለቱንም መጥቀስ አለበት። ካላስኬደ ግን ወርቁን በግድ አይቆፍሩ።