አሮጌ መኪና ላይ የሪሞት ማስነሻ እንዴት ይገጠማል?

ባሕር ዳር ላይ ብርድ ፈርቶ ሞተር ቀድሞ የሚያሞቅ ሰው ብዙ አይታይም። እዚህ የሚያስቸግረው ፀሐዩ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት፣ ጣና ዳር ጥላ የሌለበት ቦታ የዋለች መኪና በሯ ሲከፈት ፊት ይለበልባል። መሪው አይጨበጥም። አጎቴ የሪሞት ማስነሻ የፈለገው ለዚህ ነው፤ ከሩቅ ሞተሩን አስነስቶ፣ እስኪደርስ ኤሲው መኪናዋን እንዲያቀዘቅዝለት። መኪናው 1998 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ አውቶማቲክ። ኤሲዋ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ አብረን ገጠምነው፤ የሠራነውን ልንገራችሁ።

ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ለዚህ ትሆን እንደሆነ እዩ። መጀመሪያ ማርሹን። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና። ብዙዎቻችን የእጅ ማርሽ መኪና ስናቆም ማርሽ አስገብተን ነው የምንወርደው። የእጅ ፍሬኑ ቢላላ እንኳ መኪናዋ እንዳትንከባለል ይይዛታል። ጥሩ ልማድ ነው። ሪሞት ከተገጠመ በኋላ ግን ይኸው ልማድ አደጋ ይሆናል። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሲዞር ወደፊት ትዘላለች። ሞተሩ ከተነሳ ደግሞ ሹፌር ሳይኖራት ትሄዳለች። እኛ ሰፈር አንዲት መኪና በዚሁ መንገድ ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ ታንከር ገጭታለች። ትንሽ ቀደም ብሎ ልጆች እዚያው ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ለእጅ ማርሽ ተብለው የተሠሩ ኪቶች (የሪሞት ማስነሻው ሙሉ ዕቃ) አሉ፤ ሌላውን አትንኩ። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ማርሹን ኒውትራል አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ቁልፉን ታወጣላችሁ። ሞተሩ ግን አይጠፋም። የሚጠፋው ወርዳችሁ በሮቹን ስትዘጉ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በር ከተከፈተ ሪሞቱ ለማስነሳት እምቢ ይላል፣ ማርሹን ሰው ነክቶት ሊሆን ይችላልና። ይህ ጥበቃ የሚሠራው የሁሉም በሮች ስዊች ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። አንዱ በር ሲከፈት የማይሰማ ስዊች ካለ አስቀድማችሁ አሠሩት። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች የእጅ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ኒውትራል ላይ ማቆም አይከብድም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትወጡ ግን ማርሽ አስገቡ፣ የዚያን ቀን ሪሞቱን እርሱት። መኪናዋን ከአንድ ሰው በላይ የሚነዳት ከሆነ ደግሞ የኔ ምክር፣ የእጅ ማርሽ ላይ ጭራሽ ይቅርባችሁ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ። ካርቡሬተር ያላት መኪና ጧት ቾክ ተስቦላት፣ ነዳጅ ተረግጦላት ነው የምትነሳው። ይህን ሪሞት አያደርግላችሁም። ነዳጅ በራሱ ለክቶ ለሚረጭ የኢንጀክሽን ሞተር ይሁን። ናፍጣ ከሆነች የማሞቂያዋን ጊዜ ጠብቆ የሚያስነሳ ኪት ያስፈልጋል። ቁልፋችሁ ውስጥ ቺፕ ካለ ደግሞ ቁልፉ በሌለበት የቺፑን ሥራ የሚተካ ባይፓስ ሞጁል አብራችሁ ግዙ፤ ያለ እሱ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል።

አሁን ወደ ሥራው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሶልደርና ናስትሮ አዘጋጁ። ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ ይሁን። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፍቱ። ከቁልፉ ጀርባ የሚወጡ ወፋፍራም ሽቦዎች ታያላችሁ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት፣ በቴስተርም ቢሆን፤ የኤርባግ ነው።

የሽቦ ቀለም አትመኑ። ዕድሜ የጠገበች መኪና በስንት ኤሌክትሪክ ሠሪ እጅ እንዳለፈች አይታወቅም። ለክታችሁ ነው የምታውቁት። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ፣ በቀዩ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። አጎቴ ቁልፍ ያዞራል፣ እኔ ቁጥር አነብባለሁ፣ እሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት የሚያሳየው ቋሚው ነው። ቁልፉ ኦን ሲሆን መጥቶ፣ ሞተሪኖው ሲዞርም የማይጠፋው የኢግኒሽን ነው። ይህ በአንዳንድ መኪና ሁለት ነው፤ አንዱን ከዘለላችሁ ሞተሩ ተነስቶ ይጠፋል። ኦን ላይ መጥቶ ሞተሪኖው ሲዞር የሚጠፋው የሬዲዮና የመሳሰሉት ነው። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሲዞር ብቻ የሚመጣው የሞተሪኖው ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ወደ 10 ቢወርድ ያለ ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው ደክሟል፤ መጀመሪያ የባትሪውን ችግር ፍቱ።

ለክታችሁ ስትጨርሱ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከዚያ የኪቱን ሽቦዎች ከየአቻቸው ጋር አገናኙ። የሽቦውን ልባስ ትንሽ ልጣችሁ፣ አዲሱን ጠምጥማችሁ፣ በሶልደር በይዳችሁ፣ በናስትሮ ሸፍኑ። በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ ብቻ ማልበስ እዚህ አያዋጣም። በነዚህ ሽቦዎች ብዙ አምፒር ያልፋል፤ የላላ መገናኛ ይግላል፣ ይቀጣጠላል። የኪቱ ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዛችሁ አትተኩ። በዚያው መጠን ያለውን ግዙ።

የኪቱ ኔጌቲቭ ከመኪናዋ አካል ብረት ጋር ይታሰራል። ሐይቅ ዳር ያረጀች መኪና ብረቷ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አንሱት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ግራሶ ቀቡት። እኛን ግማሽ ሰዓት ያስቸገረን ይኸው ነበር። ሪሞቱ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። ብረቱን ስናጸዳው ተስተካከለ።

የፍሬን መብራት ሽቦና የኮፈኑን ስዊች "በኋላ እንጨምረዋለን" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት። ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩን የሚያጠፋው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮፈን ተከፍቶ ዘይት የሚያይ ሰው እጁ ቤልት ላይ እያለ ሞተሩ እንዳይነሳ ይከለክላል።

ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩና ሜዳ ላይ ፈትሹ። ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጉ፣ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሪሞቱን ተጫኑ፤ መነሳት የለበትም። ኮፈኑን ዝጉና ማርሹን ዲ (ወደፊት)፣ ከዚያም አር (ወደኋላ) ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ሞተሪኖው መዞር የለበትም። ፒ ላይ አስነሱና ፍሬን እርገጡ፤ መጥፋት አለበት። ከነዚህ አንዱ ከከሸፈ ሪሞቱን አትጠቀሙ።

የምታቆሙበትን ቦታ አስቡ። የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ይገድላል። በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ወይም መኝታ ቤት መስኮት ሥር አታስነሱ። የሚሠራበትን ጊዜ 10 ደቂቃ ላይ ወስኑት፤ ለሙቀታችን ይበቃል። ሪሞቱን ለልጆች መጫወቻ አትስጡ። መኪናዋን ለጥገና ጋራዥ ስታስገቡም የሪሞት ማስነሻው መዘጋቱን አረጋግጡ፣ ሥሯ ገብቶ የሚሠራ ሰው አለና።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ኤሲውን ከፍታችሁ ተዉት። የአሮጌ መኪና ማዞሪያ በእጅ የሚዞር ስለሆነ እንደተተወ ይቆያል። ስትመለሱ ከሩቅ አስነሱ። ገብታችሁ ግን ወዲያው ፍሬን አትርገጡ፣ ይጠፋባችኋል። መጀመሪያ ቁልፉን አስገብታችሁ ኦን ላይ አዙሩ፣ የመሪው ሎክም ይለቃል። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሽ አስገቡ።