በጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይልን መምራት፦ ከአድሚራል ኒሚትዝ አሠራር የሚወሰድ መመሪያ

የአንድ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ ብዙውን ጊዜ ከውጊያው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ካርታ ፊት ቆሞ የሚያዝ ሰው ነው። መድፉ ሲተኮስ አይሰማም፣ መርከቡ ሲቃጠል አያይም፤ ባሕር ላይ ያሉት መርከቦቹም ጠላት እንዳያገኛቸው ሬዲዮናቸውን ስለሚዘጉ፣ ውጊያው እየተካሄደ ሳለ እንኳ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ የሚቆይባቸው ሰዓታት ብዙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ዋናው ሥራው የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት የሚያልቅ ነው። ማንን እንደሚያምን፣ ምን እንደሚጠይቅና ምን ያህል አደጋ መቀበል እንደሚቻል አስቀድሞ ወስኖ በግልጽ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰበስባል። እጅን መሰብሰብ ደግሞ ከማዘዝ ይከብዳል።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደገና እንዲደራጅ በ2010 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ ስለዚህ ሙያ በአማርኛ በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል። ለምሳሌ የመረጥሁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የፓስፊክ ባሕር ኃይል የመራውን አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝን ነው፤ ያሸነፈበትም የተሳሳተበትም ሥራ በሰነድ ስለሚታወቅ ለተማሪ ይመቻል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሰበረ ሠራዊት ሲረከቡ

ኒሚትዝ በሃዋይ ወዳለው የፓስፊክ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈር፣ ወደ ፐርል ሃርበር የደረሰው ዲሴምበር 25 ቀን 1941፣ ጃፓኖች ወደቡን ከደበደቡ ከ18 ቀን በኋላ ነበር። ከ2,400 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፤ ዘይት በሸፈነው ውኃ ላይ ጀልባዎች ገና አስከሬን ይፈልጋሉ። ዲሴምበር 31 ቀን ሥልጣኑን የተረከበው ግሬይሊንግ በተባለች ሰርጓጅ መርከብ ጀርባ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አድሚራል ኪመል ከሥልጣን ተነሥቷል፤ በመምሪያው የቀሩት መኮንኖችም ተራው የእነርሱ እንደሆነ አውቀው ስንብታቸውን ይጠባበቁ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አዲሱ አዛዥ የሽንፈቱን ዕዳ በእነርሱ ላይ ጥሎ የራሱን ሰዎች ቢያስገባ የሚወቅሰው አልነበረም። ኒሚትዝ ግን ሰብስቦ፣ ቀድሞ የሰው ኃይል አስተዳደሩ ኃላፊ ስለነበረ ለዚህ ቦታ የተመረጡት በብቃታቸው መሆኑን እንደሚያውቅ፣ በእነርሱ ላይ ያለው እምነትም እንዳልተነካ ነገራቸው። ከእነዚህ መኮንኖች አንዱ የመረጃ መኮንኑ ኤድዊን ሌይተን ነበር፤ ከአምስት ወር በኋላ በሚድዌይ ደሴት አካባቢ በጃፓኖች ላይ ለተገኘው ድል ትልቅ ድርሻ ያበረከተው እርሱ ነው።

ስለዚህ የተሸነፈ ክፍል ሲረከቡ፣ ማንንም ከማሰናበትዎ በፊት በቦታው ያሉትን ሰዎች ሥራ ይመርምሩ፤ ሽንፈቱን በቅርብ ያዩት እነርሱ ናቸውና ከማንም የበለጠ የሚያውቁት ነገር አለ። ሁለተኛም፣ የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ይቁጠሩ። ወደብ ላይ የነበሩት ስምንቱም ታላላቅ የጦር መርከቦች ተመትተው ነበር፤ ነገር ግን 4.5 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነዳጅ የያዙት ማጠራቀሚያዎች፣ የመርከብ መጠገኛዎቹና የሰርጓጅ መርከቦቹ ሰፈር አልተነኩም፣ የፓስፊኩ ሦስት አውሮፕላን ተሸካሚዎችም በዕለቱ ወደቡ ውስጥ አልነበሩም። ነዳጁ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የተረፉት መርከቦች እንኳ ከዚያ ተነሥተው መዋጋት ባልቻሉ ነበር። ኒሚትዝ ዕቅዱን የጀመረው ከዚህ ከተረፈው ነው።

ለሰው ሁለተኛ ዕድል የመስጠት ጠባዩ ከየት እንደመጣ ሳስብ፣ የወጣትነት ታሪኩ ትዝ ይለኛል። በ1908፣ በ23 ዓመቱ፣ ዲካተር የተባለችውን የጦር መርከብ ሲያዝ ፊሊፒንስ ውስጥ ባታንጋስ ወደብ ላይ ጭቃ ውስጥ አጣበቃት። በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባለና የተግሣጽ ደብዳቤ ተጻፈበት። ባሕር ኃይሉ በዚያ አንድ ስሕተት አልጣለውም። እርሱም በኋላ ሰውን በአንድ ስሕተት ብቻ አልመዘነም።

መረጃን በቁጥር ይጠይቁ

ኒሚትዝ ሌይተንን ያዘዘው እንደ ጃፓናዊ አዛዥ ሆኖ እንዲያስብ፣ በእነርሱ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ እንዲነግረው ነው። የመረጃ መኮንን ጠላት ያደረገውን ብቻ ከዘገበ ዋና አዛዡን ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስቀረዋል።

በ1942 ጸደይ በጆሴፍ ሮሽፎርት የሚመራው፣ ፐርል ሃርበር ላይ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራው የኮድ ፈቺዎች ቡድን፣ ጃፓኖች በሁለት ፊደላት የሚጠሩት አንድ ቦታ ሊጠቃ መሆኑን ደረሰበት። ሮሽፎርት ቦታው ሚድዌይ ደሴት ነው ሲል፣ ዋሽንግተን ያሉት የመረጃ ሰዎች አልተስማሙም። ክርክሩን የቈረጠው ቀላል ፈተና ነው፦ ሚድዌይ ላይ ያለው ጦር የባሕር ውኃ ማጣሪያው እንደተበላሸበት በግልጽ ሬዲዮ እንዲናገር በባሕር ሥር በተዘረጋው ኬብል በምስጢር ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ያ በሁለት ፊደላት የሚጠራው ቦታ የመጠጥ ውኃ እንደተቸገረ የሚገልጽ የጃፓን መልእክት ተጠለፈ።

ከዚህ በኋላ ኒሚትዝ ያደረገውን ማንኛውም አዛዥ ሊለምደው ይገባል። ሌይተንን «ይመጣሉ» በሚል ግምት አላሰናበተውም፤ መቼ፣ ከየት አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንደሚታዩ በቁጥር እንዲናገር ጠየቀው። ሌይተንም ጁን 4 ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከሚድዌይ በ325 ዲግሪ አቅጣጫ፣ በ175 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ይታያሉ ብሎ መለሰ። በዕለቱ የቅኝት አውሮፕላን መርከቦቹን ሲያገኛቸው፣ ኒሚትዝ ራሱ እንዳለው ግምቱ የተሳሳተው በአምስት ደቂቃ፣ በአምስት ዲግሪና በአምስት ማይል ብቻ ነበር። በቁጥር የተነገረ ግምት ሊፈተሽ ይችላል፤ የሚናገረውንም ሰው ደጋግሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል» በሚሉ ቃላት የተሞላ ዘገባ ግን ማንንም ተጠያቂ አያደርግም፤ አዛዡንም አይረዳውም።

በዓይንዎ አይተው ይወስኑ

አውሮፕላን ተሸካሚዋ ዮርክታውን በሜይ መጀመሪያ በኮራል ባሕር ውጊያ ቦምብ ወግቷት፣ ዘይት እያንጠባጠበች ሜይ 27 ቀን ፐርል ሃርበር ገባች። ጥገናዋ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። የጃፓን ጦር ግን የሚመጣው በሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው። በማግሥቱ መርከቧ ወደ መጠገኛው ገንዳ ገብታ፣ ውኃው ገና ተመጥጦ ሳያልቅ፣ ኒሚትዝ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ አጥልቆ ከመሐንዲሶቹ ጋር ወረደና ሆዷን እየተዘዋወረ ተመለከተ። ከዚያም በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚፈልጋት ተናገረ። 1,400 ያህል ሠራተኞች ሌት ተቀን ተረባረቡባት፤ ሜይ 30 ቀን ከወደብ ወጣች።

ይህን ታሪክ አንዳንዶች የቆራጥነት ምሳሌ አድርገው ብቻ ይተርኩታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ኒሚትዝ የናፍጣ ሞተርን ጀርመን ድረስ ሄዶ ያጠና፣ መርከቦች በባሕር ላይ እየተጓዙ ነዳጅ የሚቀባበሉበትን ዘዴ በ1917 ካዳበሩት አንዱ የሆነ የሙያ ሰው ነው። ገንዳው ውስጥ ሲወርድ የጠየቀው መርከቧ እንደ አዲስ እንድትሆን ሳይሆን፣ አውሮፕላን ማስነሣትና መቀበል እንድትችል ምን ያህል ጥገና እንደሚበቃ ነበር። የበታችዎ «አይቻልም» ሲልዎት ከመቈጣትዎ በፊት ጥያቄውን በትክክል ጠይቀው እንደሆነ ያጣሩ፤ ለሙሉ ጥገና የተሰጠ ግምት ለአንድ ውጊያ ብቻ ለሚበቃ ጥገና መልስ አይሆንም።

በዚያው ወር መጀመሪያም ሚድዌይ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ የደሴቲቱን መኮንኖች ጥቃት ቢመጣ ለመከላከል ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቆ ነበር። የሰጡትን ዝርዝር ይዞ ተመለሰ፤ ሰውም መሣሪያም ላከላቸው።

ትዕዛዝን እንዴት መጻፍ ይገባል

ውጊያው ሲቃረብ፣ የአውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ልምድ ያለው መሪ ሃልሲ በቆዳ ሕመም ሆስፒታል ገባና በምትኩ ሬይመንድ ስፕሩዋንስን ጠቈመ። ስፕሩዋንስ አብራሪ አልነበረም፤ ኒሚትዝ ግን ሰከን ብሎ ማሰብ የሚችል መሆኑን አይቶ ተቀበለው። ለእርሱና የሌላው የአውሮፕላን ተሸካሚ ክፍል አዛዥ ለነበረው ለፍሌቸር የሰጠው መመሪያ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይጠናል። ፍሬ ነገሩ፣ አዛዦቹ በተሰላ አደጋ መርሕ እንዲመሩ የሚያዝ ሲሆን፣ ቃሉንም ለትርጉም ክፍት አይተወውም፦ በጠላት ላይ የበለጠ ጉዳት የማድረስ ጥሩ ተስፋ ከሌለ በቀር፣ ከእነርሱ ለሚበልጥ ኃይል ራሳቸውን አያጋልጡ ይላል።

ይህ መመሪያ የት ሄደው ምን እንዲያደርጉ ደረጃ በደረጃ አይነግራቸውም፤ የሚሰጣቸው ሚዛን ነው። ጁን 4 ቀን አራቱም የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ አካጊ፣ ካጋ፣ ሶሪዩና ሂሪዩ፣ ለጥፋት የሚያበቃ ምት ደረሰባቸው። ማታ ላይ ስፕሩዋንስ የሸሸውን ጠላት ወደ ምዕራብ ማሳደድ ሲችል፣ በጨለማ ከጃፓን ታላላቅ የጦር መርከቦች መድፍ ጋር እንዳይጋጠም መርከቦቹን ወደ ምሥራቅ መለሰ። በኋላ ብዙዎች ፈሪ አሉት። ጃፓኖች ግን በእርግጥም በዚያች ሌሊት የመድፍ ውጊያ ፈልገው ይገሰግሱ ነበር። ኒሚትዝ ፐርል ሃርበር ሆኖ ጣልቃ አልገባም። ሚዛኑን ሰጥቷል፣ የሚመዝነውን ሰው መርጧል፤ ከዚያ በላይ ቢናገር መመሪያውን ራሱ ያፈርሰው ነበር።

ሳይሳካለት የቀረውን መጥቀስ ግድ ነው። ኦክቶበር 1944 በፊሊፒንስ፣ በሌይቴ ደሴት፣ ሃልሲ ከባሕር ወደ ደሴቲቱ የሚወርደውን ጦር እንዲሸፍን ታዝዞ ነበር፤ ነገር ግን በትዕዛዙ ላይ የጠላትን መርከቦች ዋና ክፍል የመደምሰስ ዕድል ከተገኘ ያ ዋናው ተግባር ይሆናል የሚል ዐረፍተ ነገር ታክሎ ነበር። ሃልሲም ወደ ሰሜን የመጡትን፣ አውሮፕላን የማይበቃቸውን ማባበያ መርከቦች ተከትሎ ሄደ፣ የሳን በርናርዲኖ ወሽመጥንም ክፍት ተወው። ኦክቶበር 25 ቀን ጠዋት የጃፓኑ አድሚራል ኩሪታ ታላላቅ መርከቦች በዚያ አልፈው በአሜሪካ አነስተኛ ተሸካሚዎችና በአጃቢዎቻቸው ላይ ወረዱ፤ አንድ ተሸካሚና ሦስት አጃቢዎች በመድፍ ሰመጡ። ጥፋቱን በሃልሲ ላይ ብቻ መጫን የተለመደ ነው። እኔ ግን ሁለት ዋና ተግባር ያለው ትዕዛዝ የሰጠ አዛዥም ድርሻ አለው እላለሁ፤ ለደፋር ሰው ሁለት መንገድ ከከፈቱለት ወደ ውጊያው የሚወስደውን እንደሚመርጥ አስቀድሞ ይታወቃል። ትዕዛዝ ጽፈው ሲጨርሱ፣ የሚቀበለውን ሰው ጠባይ በልብዎ ይዘው እንደገና ያንብቡት።

በዚያው ቀን ኒሚትዝ ሃልሲን መርከቦቹ የት እንዳሉ ጠየቀው። ኮድ ፈቺን ለማደናገር ከመልእክት ጫፍ የሚታከሉ ትርጉም የለሽ ቃላት ነበሩ፤ ሃልሲ ዘንድ ሳይቈረጡ ስለቀሩ፣ ጥያቄው «ዓለም ይደነቃል» በሚል ስድብ መሰል ሐረግ አልቆ ደረሰው። ሃልሲ በንዴት ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ።

ሰውን ማንሣት፣ ምክርን አለመቀበል

ኒሚትዝ ታጋሽ ቢሆንም ማንሣት ሲገባው አንሥቷል። ጓዳልካናል ደሴት ላይ ያለው የአሜሪካ ጦር ሲጨነቅ፣ በሴፕቴምበር 1942 መጨረሻ ወደ ግንባሩ በረረ። የአካባቢው አዛዥ ጎርምሊ ተስፋ እንደቈረጠ፣ ደሴቲቱ ላይ ያሉት ግን እንዳልተሸነፉ አየ። ጎርምሊ ወዳጁ ነበር፤ በኦክቶበር በሃልሲ ተካው። ወዳጅነቱን ከግዳጁ ለመለየት ሁለት ሳምንት ያህል መፍጀቱን እኔ እንደ ድክመት አላየውም፣ ከዚያ በላይ ቢዘገይ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ጫካ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ነበሩ።

ከታች የሚመጣ ቅሬታንም መስማት ይገባል። ሰርጓጅ መርከበኞች ቶርፒዶዎቻቸው ዒላማው ሥር አልፈው እንደሚሄዱ፣ ወይም መትተው እንደማይፈነዱ ደጋግመው ሲያመለክቱ፣ መሣሪያውን የሠራው ክፍል ጥፋቱን በተኳሾቹ ላይ ያደርግ ነበር። በጁን 1943 ኒሚትዝ በማግኔት የሚፈነዳው ክፍል ከሥራ ውጭ እንዲሆን አዘዘ፤ የሰርጓጅ መርከቦቹ አዛዥ ሎክዉድም በዚያው ዓመት ቶርፒዶዎቹን ገደል ላይ አስተኵሶ የቀረውን ጉድለት አገኘ።

በኖቬምበር 1943 ታራዋ የተባለችውን ትንሽ ደሴት ለመያዝ በ76 ሰዓት ውስጥ 1,000 ያህል አሜሪካውያን ሞቱ። ከሟቾቹ እናቶች አንዷ ልጄን የገደልኸው አንተ ነህ ብላ ለኒሚትዝ ጻፈች፤ እንዲህ ላሉት ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ እንዲሰጥ አደረገ። ውጊያው እንዳበቃም አስከሬኑ ሳይነሣ ደሴቲቱ ላይ ወርዶ ምሽጎቹን ተመለከተ። የምሽጎቹ አምሳያ በሃዋይ፣ በካሆኦላዌ ደሴት ላይ ተሠርቶ መርከቦቹ በእርሱ ላይ ተኵሰው ተለማመዱ። ቀጣዩን ዒላማ ሲመርጥም በማርሻል ደሴቶች መካከል ያለችውን ክዋጃሌይንን ለመያዝ ወሰነ። ስፕሩዋንስ፣ ጦሩን ወደ ደሴቶቹ የሚያወርዱት መርከቦች አዛዥ ተርነርና የባሕር ወለድ ጦሩ አዛዥ ሆላንድ ስሚዝ፣ ሦስቱም፣ አስቀድሞ ዳር ያሉት ደሴቶች ይያዙ ብለው ተቃወሙት። የሁሉንም ምክንያት እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ውሳኔው ክዋጃሌይን መሆኑን ነገራቸው። ከጃንዋሪ 31 ቀን 1944 ጀምሮ በተደረገው ውጊያ የሞቱት አሜሪካውያን ከ400 በታች ነበሩ።