የራስ ቅል ጥገና ከተደረገ በኋላ የአንጎልን ማገገም በምስል እንዴት እናጥና?

በከባድ የጭንቅላት ጉዳት ወይም በስትሮክ አንጎሉ ያበጠ ሕመምተኛ ሕይወቱ እንዲተርፍ የራስ ቅሉ አጥንት በከፊል ይነሳለታል። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ግን በቦታው ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ሊሰረጉድ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ቁጭ ሲል ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ አንዳንዴም አንድ ወገኑ ይዝላል፣ ጋደም ሲል ግን ቀለል ይለዋል። ክፍተቱ ሲደፈን ብዙዎች ይሻላቸዋል። የጥናቱ ጥያቄ መሻሻሉን ያመጣው ጥገናው ነው ወይስ ጊዜ የሚለው ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ሳይሆን፣ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ምስል ማንሳት ይገባል፤ ሕመምተኛው ያለ ጥገናም እያገገመ ከነበረ በሁለቱ መካከል ይታያልና። ይህ ዕድል ካለፈ አይመለስም። ማሽኑና የአነሳሱ ስልት አይለወጡ፤ ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ሕመምተኛው ምን ያህል ደቂቃ እንደተጋደመም ይመዝገብ።

የደም ዝውውርን ለመለካት ሲቲ ፐርፊዥን (በአንጎል ውስጥ የሚያልፈውን ደም የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) ፈጣን ነው፤ ሆኖም ጨረርና አዮዲን ያለበት ኮንትራስት (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ስላለው አስቀድሞ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሪያቲኒን፣ መታየት አለበት። ጤናማ አንጎል በአማካይ ለ100 ግራም በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል፤ ነገር ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ከመመራት የተጎዳውን ወገን ከጤናማው ጋር ማነጻጸር ይሻላል፣ የሚለካው ቦታም ከሞተው ሕብረ ሕዋስ ውጭ ይሁን። ኤምአርአይ ያለ ኮንትራስትም ዝውውሩን ሊለካ ስለሚችል ለተደጋጋሚ ክትትል ይመቻል።

እዚህ ላይ ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክፍተቱ የሚደፈንበት የቲታኒየም ሳህን ኤምአርአይን ባይከለክልም በአጠገቡ ያለውን ምስል ያዛባል፤ በተለይ የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ፋንክሽናል ኤምአርአይ ከሳህኑ ሥር የሚታየው ጥቁር ቦታ የአንጎል ድክመት ሊመስል ይችላል። የመጠገኛው ዓይነት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ይመዝገብ። በአንጎል ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ እንደሆነም በየምስሉ ይታይ፤ በዚያው ሰሞን ውሃው በቱቦ ከተቀነሰለት ለውጡን ለጥገናው ብቻ መስጠት አይቻልም።

ምስሉ በተነሳበት ቀን የእጅና የእግር ጉልበት፣ ንግግር፣ ትኩረትና ትውስታ ይፈተኑ። የንቃት ደረጃን የሚለካው የግላስጎው ኮማ መለኪያ ለዚህ አይበቃም፤ ነቅቶ የሚነጋገር ሕመምተኛ 15 ከ15 አግኝቶም ስሙን መጻፍ ሊያቅተው ይችላል። ፈታኙ ምስሉን አይይ። ምስል አንባቢው ደግሞ ሳህኑን ሲያይ የትኛው የኋላ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ የራስ ቅሉ ከምስሉ ተቆርጦ አንጎሉ ብቻ ይሰጠው።